ወንድሜ ከመተማ ተመልሶ ትኩሳቱ አልለቀው አለ፣ ወባ የለም ይላሉ፤ የካላዛር ምርመራ እንዴት ነው?

ዘቋሪት

ሰላም የአገሬ ሰዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ነገሩ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ መስከረም ላይ መተማ ወረደ። ኅዳር መጨረሻ ተመለሰ። ያኔ ደህና ነበር፣ ትንሽ ከስቷል ብንልም የበረሃ ሥራ ነው ብለን አለፍነው። ከጥር ወዲህ ግን ማታ ማታ ትኩሳት፣ ላብ፣ ብርድ ብርድ ማለት ጀመረው። ምግብ አይበላም። ሆዱ በግራ በኩል ከጎድኑ ሥር ጠጥሯል፣ በእጅ ሲነካ ይታወቃል። አልፎ አልፎም ይነስረዋል።

እዚሁ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድነው። ወባ የለም፣ ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተብሎ መድኃኒት ዋጠ። ለጥቂት ቀን ሻል ያለው መስሎን ነበር፣ ተመልሶ ያው ሆነ። ሌላ ቦታ ብንወስደውም ያው ታይፎይድ። አሁን አብሮት መተማ የነበረ ልጅ ደውሎ «እኔም እንዲሁ ሆኜ ካላዛር ነው ተብዬ ነው የዳንኩት» አለን። እናታችን ደግሞ «ጣፊያ ላይ መርፌ ይወጋሉ» ሲባል ሰምታ ልጄን አላስነካም ብላለች። የምታውቁ ካላችሁ ምርመራው ምንድን ነው? የግድ ጣፊያው መወጋት አለበት?

የዳሞቱ ሽማግሌ

እግዜር ይማረው ልጄ። የታይፎይድ መድኃኒት ሳይጨርስ አቋርጦ እንዳይሆን፣ ብዙ ሰው ሲሻለው ይተወዋል። ጸበልም አስጠምቁት። በእኛ ጊዜ ጣፊያ ያበጠበት ሰው ሁሉ ወባ የደጋገመው ነበር፣ ቆላ ወርዶ የመጣ ሁሉ ጣፊያው ያብጣል።

መቶ ኤክስ

ዘቋሪት፣ እግዚአብሔር ይማርልህ። ሥራዬ ላብራቶሪ ነው። አሁን ፍኖተ ሰላም አካባቢ ነኝ፣ ከዚህ በፊት ግን መተማ በኩል ሠርቻለሁ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፣ መክሳት፣ ነስር፣ በዚያ ላይ መተማ ከርሞ የመጣ ልጅ። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያየ ባለሙያ ካላዛርን ሳያስብ ማለፍ የለበትም። ነው አላልኩም፣ ሳይመረመር አይታወቅም። ግን ዛሬ ነገ የሚባልበት አይደለም። ካላዛር በነፍሳት ንክሻ የሚገባ የተውሳክ በሽታ ነው፣ ካልታከመ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይገድላል። በጊዜ ከታከመ አብዛኛው ሰው ይድናል።

ስለ ታይፎይዱ ልናገር፣ ምክንያቱም ያንገበግበኛል። ክሊኒኮች የሚሠሩት ዊዳልና ዌይል ፊሊክስ የሚባሉ ምርመራዎች ናቸው። ሁለቱም ተውሳኩን አያዩም፣ በደም ውስጥ ያለ ፀረ እንግዳ አካልን ነው የሚፈልጉት። ከዓመታት በፊት ታሞ የዳነም፣ ሌላ ትኩሳት የያዘውም ሰው ሊያሳይ ይችላል። አንድ ጊዜ ተሠርቶ «አለብህ» የሚባልበት ምርመራ አይደለም። እንዲያም ሆኖ በአገራችን ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ገብቶ ታይፎይድና ታይፈስ ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

አያ፣ እርስዎ ያሉትም ትክክል ነው፣ የተደጋገመ ወባ ጣፊያ ያሳብጣል። ስለዚህ ወባውም በደንብ ይታይ። «ወባ የለም» ሲባል እንዴት እንደታየ መጠየቅ ነው። በኪት ብቻ ከሆነ፣ አንዳንድ የፋልሲፓረም ወባ ኪቱ የሚፈልገውን ኤችአርፒ 2 የተባለ ፕሮቲን አይሠራም፣ ይህ በእኛ አገርም ታይቷል። በማይክሮስኮፕ ከሆነ ደግሞ ወፍራሙ የደም ስላይድ ላይ ቢያንስ 100 ፊልድ፣ ማለትም በሌንሱ ባንድ ጊዜ የሚታየው ቦታ 100 ጊዜ፣ ሳይቆጠር «የለም» ተብሎ አይጻፍም። ሰልፉ ሲረዝም ይህን ማን ይቆጥረዋል ብትሉኝ ሌላ ጉዳይ ነው። ደግሞ ወባ ተገኘ ማለት ካላዛር የለም ማለት አይደለም። መተማና ሑመራ ሁለቱንም ባንድ ላይ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። የወባ መድኃኒት ጨርሶ ትኩሳቱ ካልለቀቀው አሁንም ካላዛር ይጠረጠራል።

ቢቸና ላይ ነኝ

እስቲ አታስፈራሩት። ኅዳር ከተመለሰ እንዴት ጥር ላይ ይታመማል? ወባ ብትሆን በሁለት ሳምንት ትለይ ነበር።

መቶ ኤክስ

ወባና ካላዛር በጊዜ አይመሳሰሉም። ካላዛር ከተነከሰ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይቆያል፣ ከዚያም በላይ የሚቆይ አለ። ጥቅምት ተነክሶ መጋቢት ላይ የሚታመም አለ። ሰውየው አገሩ ገብቶ፣ በረሃውን ረስቶ፣ ሠርግ በልቶ ነው የሚወድቀው። የሚነክሰው ደግሞ ትንኝ አይደለም፣ የአሸዋ ዝንብ ነው። ርዝመቱ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ነው። ድምፅ የለውም፣ የሚነክሰውም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። በእኛ ሰሜን ምዕራብ ቆላ የሚኖረው የዝንብ ዘር የግራር ጫካና የተሰነጠቀ ጥቁር መረሬ አፈር ይወዳል። ይህ እንግዲህ ሰሊጡ የሚበቅልበት መሬት ነው። አጫጁ ማሳው ውስጥ ያለ አጎበር ያድራል።

ደጋ ነን ብለን መዘናጋትም አያዋጣም። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ የሆነውን የጎንደር ሰው ያስታውሳል። ካላዛር የማይታወቅበት አገር ነበር። ሰው ሲሞት መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር፣ በኋላ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ወደ መተማና ሑመራ የወረዱ ሠራተኞች ይዘውት መጥተው እንደሆነ ነው የሚታሰበው። ከጣና ማዶ ማለት ነው፣ ከእኛ ሩቅ አይደለም።

ዘቋሪት

እሺ ወንድምዓለም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ለካላዛር የሚሠራው ምንድን ነው? የት ነው የሚሠራው? እዚህ ጤና ጣቢያ ጠይቄ ኪት የለንም አሉኝ።

መቶ ኤክስ

የመጀመሪያው አርኬ 39 የሚባል ፈጣን ምርመራ ነው። ኪቱ እንደ ወባው ኪት ትንሽ ናት። ከጣት ወይም ከደም ሥር ትንሽ ደም ተወስዶ፣ የኪቱ ፈሳሽ ተጨምሮ፣ እንደ ኪቱ ዓይነት ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይጠበቃል። የመቆጣጠሪያዋ መስመር የግድ መውጣት አለባት፣ እሷ ካልወጣች ኪቱ ተበላሽቷል ማለት ነው። ሁለተኛዋ መስመር ደብዝዛ ብትወጣም ፖዘቲቭ ናት። ደብዛዛ ናት ብለው «ኔጌቲቭ» የሚጽፉ አሉ፣ ትክክል አይደለም።

አሁን ልብ በል። ይህችም ኪት የምታየው ፀረ እንግዳ አካሉን ነው እንጂ ተውሳኩን አይደለም። ስለዚህ ብቻዋን ፖዘቲቭ መውጣቷ በሽታው አለ ማለት አይደለም። በቆላው ተነክሶ ተውሳኩ ገብቶበት ሳይታመም የሚኖር ሰው ብዙ ነው፣ እሱም ቢመረመር ሊያሳይ ይችላል። ለዚህ ነው ትኩሳትም እብጠትም የሌለውን ሰው እንዲሁ አንመርምረው የምንለው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ነው የሚታመነው፦ ምልክቱ እና ኪቱ። ወንድምህ ምልክቱ ሁሉ አለው፣ ከዚህ በፊትም ካላዛር ታክሞ አያውቅም። ኪቱ ፖዘቲቭ ከወጣለት ጣፊያው ሳይወጋ ሕክምና ይጀመርለታል። ለእናትህ ይህን ንገራት።

የት ለሚለው፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለው። መተማም ሆስፒታሉ ይሠራል፣ ለእናንተ ግን ወደ ኋላ መሄድ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ባቅራቢያችሁ ያለ የመንግሥት ሆስፒታል ኪቱ እንዳለው ጠይቁ፣ አንዳንዱ ጋ ይገኛል። መድኃኒቱ በመንግሥት ማዕከላት በነፃ ነው።

ሌላው፣ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ መጀመሪያ የምትናገሩት «መተማ ነበር» የሚለውን ይሁን። ወረቀቱ ላይ «ትኩሳት» ብቻ ተጽፎ ላብራቶሪ ከመጣ እኔም ወባና ታይፎይድ ሠርቼ ነው የምመልሰው። የታዘዘልኝን ነው የምሠራው። ታማሚው የት እንደነበር ወረቀቱ ላይ ቢጻፍ ኖሮ ስንት ሰው በተረፈ ነበር።

ሲስተር ጣና ዳር

በዚህ ላይ ልጨምር። ሲቢሲ የሚባለውን የደም ቆጠራ አሠሩለት፣ ብዙ ሆስፒታልና ደህና ክሊኒክ ውስጥ አለ። ካላዛር ደሙን፣ ነጭ የደም ሕዋሱን፣ ደም የሚያረጋውን ፕላትሌት ሦስቱንም ያወርዳል። ነስሩ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ወርዶ ጣፊያው ካበጠ፣ ኪት በሌለበት ቦታ እንኳ ሐኪሙ ፈጥኖ እንዲልከው በቂ ምክንያት ነው። የኤችአይቪ ምርመራም የግድ ነው፣ እንዳትቆጡ። ካላዛር የያዘው ሰው ሁሉ ይመረመራል፣ ምክንያቱም ሕክምናው ይለያያል።

ቢቸና ላይ ነኝ

እኔ የማውቀው አንድ ልጅ በዚሁ ኪት ኔጌቲቭ ተብሎ ተመልሷል። ኪት ኪት የምትሉት ነገር እምነት የለኝም።

መቶ ኤክስ

አለማመንህ ልክ ነው፣ ግን በልኩ ይሁን። አርኬ 39 ሕንድ ላይ ከ100 ታማሚ 97ቱን ያህል ይይዛል። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲመጣ ግን ወደ 85 ይወርዳል። ያው ኪት ነው፣ የእኛ አካባቢ ታማሚ ላይ ግን እንደዚያ ጎበዝ አይደለም። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ የባሰ ነው፣ ሰውነቱ ፀረ እንግዳ አካል እንደልብ አይሠራም። ስለዚህ ፖዘቲቭ ሲሆን ምልክት ካለ ያዘው፣ ኔጌቲቭ ሲሆን ግን ምልክት ያለበትን ሰው ወደ ቤት አትላከው። የዚያ ልጅ ችግር ኪቱ ሳይሆን ከኪቱ በኋላ ማንም አለመቀጠሉ ነው።

ዘቋሪት

ወገኖች፣ ተመልሻለሁ። መንገዱ እንደምታውቁት ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ እዚሁ አንድ ሆስፒታል ወሰድነው። ኪቱ ነበራቸው። ኔጌቲቭ አሉን! ወባም በማይክሮስኮፕ የለም። ኤችአይቪም የለበትም። ደሙ 7፣ ፕላትሌት 62 ሺህ፣ ነጭ የደም ሕዋሱም ዝቅ ብሏል። ሐኪሙ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ካላዛርን አልተውኩትም ብሎ ወደ ጎንደር ጻፈልን። እናቴ ግን «ይኸው የለም ተባለ፣ ምን ልታስወጉት ነው» ብላ ለቅሶ ላይ ናት። ምን ልበላት?

የዳሞቱ ሽማግሌ

እናት ናት፣ አይፈረድባትም። የለም ከተባለ እኮ እኔም ብሆን ልጄን አላስወጋም።

ሲስተር ጣና ዳር

አያ፣ እርስዎ እንዲህ ሲሉ እሷ ትሰማለች፣ እባክዎ። ጣፊያ ላይ የሚደረገውን አብሬ ስለሠራሁ ልንገራችሁ፣ ከወሬው በጣም ያንሳል። ታማሚው በጀርባው ይተኛል። ሐኪሙ የጣፊያውን ጠርዝ በእጁ ዳስሶ በእስክሪብቶ ምልክት ያደርግበታል። ቆዳው ይጸዳል። መርፌዋ ቀጭን ናት፣ 21 ጌጅ የምንላት፣ በተራ መወጊያም የምንጠቀምባት። ገብታ እስክትወጣ አንድ ሰከንድ አይሞላም። ሲሪንጁ ውስጥ የሚገባው ደም ለማለት የማይበቃ ጠብታ ነው፣ እሱ ስላይድ ላይ ይቀባል። ከዚያ በኋላ ነው ሥራው። ታማሚው ለሰዓታት ሳይነሳ ይተኛል፣ የደም ግፊቱንና የልብ ምቱን እየለካን እንጠብቀዋለን።

አደጋ የለውም አልልም። ጣፊያ ደም የሞላበት ብልት ነው፣ ሊደማ ይችላል። የሚሞት ሰው ከ1000 አንድ ገደማ ነው የሚባለው፣ ያውም በለመደ እጅ ሲሠራ። ስለዚህ ማንም ተነስቶ አይወጋም። ፕላትሌቱ ከ40 ሺህ በታች ከሆነ አይሠራም። የደም መርጊያው ከዘገየ፣ እየደማ ከሆነ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ደሙ እጅግ ካነሰ፣ እርጉዝ ከሆነች አይሠራም። ጣፊያው ከጎድን በታች ቢያንስ 3 ሴንቲሜትር ካልወረደም አይነካም። ያንተ ወንድም በ62 ሺህ ያልፋል። ደሙ 7 ነው፣ እዚያ ሲደርስ እንደገና ይለካለታል።

ቢቸና ላይ ነኝ

ታዲያ ከመቅኒ አይወስዱም እንዴ? ከመቅኒ ከሆነ የሚደማ ነገር የለም።

መቶ ኤክስ

ይወሰዳል። ጣፊያው የማይነካለት ሰው ከመቅኒ ነው የሚወሰድለት፣ ከአጥንት ውስጥ። ከእጢም ይወሰዳል። ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከጣፊያ የተወሰደ ከ100 ታማሚ ከ93 እስከ 99 ያህሉን ይይዛል። መቅኒ ከ53 እስከ 86 ነው። እጢ ደግሞ ከ53 እስከ 65። መቅኒ ተወግቶ «የለም» ሲባል ታማሚው እፎይ ይላል፣ እኔ ግን እፎይ አልልም። በዚያ ላይ መቅኒው ያማል፣ ከጣፊያው ይልቅ ያማል የሚሉ ታማሚዎች ገጥመውኛል።

ከመወጋት በፊት ሌላ መንገድም አለ። ዲኤቲ የሚባል የደም ምርመራ ነው። የደሙ ሴረም ደረጃ በደረጃ እየቀጠነ ከተዘጋጀ የተውሳክ አንቲጅን ጋር ይደባለቃል፣ ያድራል፣ ጠዋት ላይ ሳህኗ ላይ ይነበባል። አርኬ 39 ያመለጠውን ዲኤቲ የሚይዝበት ጊዜ አለ። ጊዜና የሠለጠነ እጅ ስለሚፈልግ ነው በየቦታው የማይገኘው። ጎንደር ስትደርሱ ምናልባት መጀመሪያ እሱን ይሠሩለት ይሆናል፣ ውሳኔው የሐኪሙ ነው። እናትህን ግን «እንወጋዋለን» ብለህ አታስፈራራት፣ «እናስመርምረው» በላት። አብራችሁ ትሂድ።

ፍሬሽ ላብ ደብረ ማርቆስ

ጋሽ መቶ ኤክስ ሰላም። ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ ሥዕሉን አይተነዋል እንጂ እውነተኛ ስላይድ አላየሁም። ፕላትሌትን ከአማስቲጎት፣ ከካላዛሩ ተውሳክ፣ እንዴት ነው የምትለዩት? እኔ ሁሉም ሐምራዊ ነጥብ ነው የሚመስለኝ።

መቶ ኤክስ

ጋሽ አትበለኝ፣ አላረጀሁም። ጥያቄህ ግን ጥሩ ነው። ስላይዱ ከደረቀ በኋላ በሜታኖል ይጸናል፣ በጊምሳ ቀለም ይቀባል። እንደ ወፍራም የወባ ስላይድ በሜታኖል ሳይጸና አይቀባም፣ ይህን አትርሳ። ከዚያ በዘይት በ100 ሌንስ ነው የሚታየው። አማስቲጎት ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር ነው፣ ከቀይ የደም ሕዋስ ግማሽ ቢሆን ነው። መለያው ሁለት ነገር መሆኑ ነው። አንደኛው ክብ ኒውክሊየስ፣ ሁለተኛው አጠገቡ ያለች ትንሽ ጭረት፣ ኪኔቶፕላስት። ሁለቱንም ካላየህ አማስቲጎት አትበል። ፕላትሌት ጭረት የለውም። ሂስቶፕላዝማ የሚባል ፈንገስም ያሳስታል፣ እሱም ጭረት የለውም። አማስቲጎቶቹን ማክሮፌጅ የሚባለው ትልቅ ሕዋስ ውስጥ ታጭቀው ታገኛቸዋለህ፣ ሕዋሱ ሲቀባ ከፈነዳ ደግሞ ውጭ ተበትነው። ስላይዱን ሲቀቡ ተጭነው ከሆነ ሕዋሱ ሁሉ ይፈነዳል፣ ያኔ ዓይንህ ይፈተናል።

ከዚያ ደረጃ ይሰጣል። በአንድ ፊልድ ከ100 በላይ ካየህ 6 ፕላስ ነው። በአንድ ፊልድ ከ10 እስከ 100 ከሆነ 5፣ ከ1 እስከ 10 ከሆነ 4። በ10 ፊልድ ከ1 እስከ 10 ከሆነ 3፣ በ100 ፊልድ ከሆነ 2፣ በ1000 ፊልድ ከሆነ 1 ፕላስ። «የለም» ለማለት 1000 ፊልድ ማየት አለብህ። አዎ፣ አንድ ሺህ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ 200 ላይ አቁሞ «ኔጌቲቭ» ብሎ የሚፈርም አለ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው እንዳትሆን። ደረጃው ለጌጥ አይደለም፣ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ሲወዳደር ተውሳኩ እየቀነሰ ነው ወይስ አልቀነሰም የሚለው ከእሱ ነው የሚታወቀው።

የተውሳኩ ስም ሊሽማንያ ዶኖቫኒ የሆነውም በሁለት ሐኪሞች ነው፣ ሊሽማንና ዶኖቫን። ሁለቱም ለየብቻ ከጣፊያ የተወሰደ ናሙና ላይ አይተው እ.ኤ.አ. በ1903 ጻፉት። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ከጣፊያ የተሻለ ናሙና አላገኘንም። የፒሲአር ምርመራ ጥሩ ነው፣ ግን መተማ ጤና ጣቢያ ላይ ፒሲአር የት አለና።

ዘቋሪት

ጎንደር ነን። እናቴም አብራ አለች። ደሙንም የደም መርጊያውንም ደግመው ለኩት፣ ይሆናል አሉ፣ ተወጋ። እሷ ውጭ ቆማ ማርያምን ስትማጸን እሱ ወጥቶ «በቃ?» አለ። አልጋ ላይ አስተኝተው ሲጠብቁት ዋሉ። ውጤቱ 4 ፕላስ። ካላዛር ነው። በቀን ሁለት ዓይነት መርፌ ለ17 ቀን ይወስዳል ተብሎ ተጀምሯል። ኪቱን አምነን ተመልሰን ቢሆን ኖሮ ማሰብ አልፈልግም። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።

ሲስተር ጣና ዳር

እልልል! እግዚአብሔር ይመስገን። መርፌው ከባድ ነው፣ አታሳንሱት። አንደኛው መድኃኒት ልብንም ቆሽትንም ሊነካ ስለሚችል በየጊዜው ይከታተሉታል፣ ከባድ የሆድ ሕመም ወይም ማስታወክ ከመጣበት ወዲያው ንገሩ። ምግብ እንዲበላ አድርጉት፣ ሲከሱ ነው የሚጎዱት። ሲወጣም በ6 ወሩ ቀጠሮ ይኖረዋል፣ ደህና ነኝ ብሎ እንዳይቀር። ሙሉ በሙሉ ድኗል የሚባለው ያኔ ነው።

ሰሊጥ አጫጁ

እኔ የዛሬ ሁለት ዓመት ታክሜ ድኛለሁ። አሁን ለሌላ ነገር ሆስፒታል ሄጄ ኪቱን ሠርተው ፖዘቲቭ አሉኝ። ትኩሳት የለኝም፣ እበላለሁ፣ እሠራለሁ። እንደገና መርፌው ይጀመርልህ የሚል አለ። በጣም ፈርቻለሁ፣ ያን መርፌ አልደግመውም።

መቶ ኤክስ

ወንድሜ ተረጋጋ። ኪቱ ከዳንክ በኋላም ለወራት፣ ለዓመታትም ፖዘቲቭ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ሰውነትህ የሠራው ፀረ እንግዳ አካል ቶሎ አይጠፋም። ዲኤቲም እንዲሁ ነው። አንዴ የታከመ ሰው ላይ አርኬ 39 ምንም አይነግርህም፣ እንዲያውም ባይሠራ ይሻላል። አገረሸ ለማለት ትኩሳቱና እብጠቱ መመለስ አለበት፣ ከዚያም ከጣፊያ ወይም ከመቅኒ ተወስዶ ተውሳኩ በዓይን መታየት አለበት። አንተ ምልክት ከሌለህ በኪት ብቻ መርፌ አይጀመርልህም። «ከዚህ በፊት ታክሜያለሁ» ብለህ የተሰጠህን የሕክምና ወረቀት አሳያቸው። ጠፍቶ ከሆነ የታከምክበት ቦታ መዝገብ አለው። ጣፊያህን ግን አንድ ሐኪም በእጁ ይይልህ። ኤችአይቪ ካለብህ ደግሞ ሊያገረሽ ስለሚችል ክትትልህን አታቋርጥ።

ሰሊጥ አጫጁ

ኤችአይቪ የለብኝም። ወረቀቱ አለኝ፣ እናቴ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። አመሰግናለሁ፣ ዛሬ እተኛለሁ።

ቢቸና ላይ ነኝ

እሺ አምኛለሁ፣ ጨቃጫቂ ሆንኩ መሰለኝ። ግን ዘንድሮም ልጆቹ ይወርዳሉ፣ ምን ይዘው ይውረዱ?

መቶ ኤክስ

ጨቃጫቂ ካልኖረ ማን ይጠይቃል። አጎበር ይያዙ፣ በመድኃኒት የተነከረውን። ዝንቧ ከትንኝ በጣም ስለምታንስ ተራው መረብ ውስጥ ልትሾልክ ትችላለች፣ የሚያግዘው መድኃኒቱ ነው። ማሳ ውስጥ በምሽት ሲሠሩ እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ። ይህን ስል አሠሪው አጎበር የሚሰቀልበት መጠለያ ካላቀረበ ልጁ አጎበሩን ምን ላይ ይስቀለው የሚል ጥያቄ አለኝ፣ መልስ የለኝም። ተመልሰው ሲታመሙ ግን ጤና ኬላም ይሁን ጤና ጣቢያ «በረሃ ነበርኩ» ይበሉ።

የሞጣዋ

ይቅርታ፣ ርዕሱ ሌላ መሆኑን አይቻለሁ። የልጄ ጉንጭ ላይ ቁንጭር ወጥቶበታል፣ ወራት ሆነው። ቆላ ወርዶ አያውቅም፣ እኛ ደጋ ነን። ሰዎች ይህም የዚያው ዝንብ ነው አሉኝ። ይህን ኪት ላሠራለት?

መቶ ኤክስ

እታለም፣ ዝንቡ ዘመድ ነው፣ ተውሳኩም ዘመድ ነው፣ ግን አንድ አይደሉም። ቁንጭር የሚያመጣው ሊሽማንያ ኤትዮፒካ ነው። የሚገኘውም እንደናንተ ባለ ደጋና ገደላማ አገር ነው፣ ሽኮኮ በሚኖርበት ገደል አካባቢ። ቆዳ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ጣፊያ አይገባም። ስለዚህ ስለ ካላዛር አትስጊ፣ አርኬ 39 ኪትም ለእሱ አይሆንም፣ ገንዘብሽን አትጨርሺ። ምርመራው ከቁስሉ ጠርዝ ላይ ትንሽ ተፍቆ ወይም ተቆርጦ ስላይድ ላይ ተቀብቶ በጊምሳ የሚታይ ነው። ከመሃሉ ሳይሆን ከጠርዙ፣ መሃሉ ላይ ብዙ ጊዜ ተውሳኩ አይገኝም። የሚታየው ያው ነጥብና ጭረት ነው። ከመመርመሩ በፊት በጋለ ብረት እንዳታስተኩሺው፣ ቅጠልም አታስደርጊበት፣ ጠባሳው ፊቱ ላይ ይቀራል።

የሞጣዋ

እሺ ወንድሜ። ፎቶ ልላክልህ?

መቶ ኤክስ

አይ፣ ፎቶ አትላኪልኝ። በፎቶ አይመረመርም፣ የልጅ ፊትም እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አይለጠፍ። የቆዳ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ውሰጂው፣ «ለቁንጭር ስላይድ ይሠራልኝ» በያቸው።